በሻህ ጨዋታ ጃሬ የሚቆጠረው መቼ ነው?
በሦስት ጠጠር መስመር አቆጣጠር ላይ የተሰጠ ማብራሪያ

በኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ውድድር ከሚካተቱት ጨዋታዎች አንዱ ሻህ ነው። ገና፣ ገበጣ፣ ትግል፣ ፈረስ ጉግስና ቀስት በአብዛኛው ኅብረተሰብ ዘንድ በስማቸው የሚታወቁ ሲሆኑ፣ የሶማሌ ሕዝብ ቅርስ የሆነው ሻህ ግን በመሐል አገር ነዋሪዎች ዘንድ የዚያን ያህል አልተለመደም። ጨዋታውን ለመልመድ፣ ልጆችን ለማስተማር ወይም በአካባቢ ውድድር ለመሳተፍ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በመጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ ሦስት ጠጠር በአንድ መስመር ላይ ሲገጥም ምን ያስገኛል የሚለው ነው። ይህ ማብራሪያ የሚመልሰውም እርሱን ነው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ጠብ የሚያስነሳው እርሱ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በላፍቶ፣ በጀሞና በለቡ የጋራ መኖሪያ ግቢዎች እንደሚታየው፣ ከተለያዩ ክልሎች የመጡ ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ ላይ ወጥተው በአንድ ደረጃ ይወርዳሉ። ከጅግጅጋ የመጣው ልጅ ከአባቱ የተማረው ሕግ ሌላ፣ ጎረቤቱ ከእጅ ስልክ ጨዋታ ላይ የለመደው ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የሚጫወቱበት ሰሌዳ አንድ ዓይነት በመሆኑ ልዩነቱ ከመጀመሪያው አይታይም። የሚገለጠው አንዱ ሦስት ጠጠር ገጥሞ ለመብላት እጁን ሲዘረጋ ነው።

ሰሌዳውና መስመሮቹ

የሻህ ሰሌዳ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣሉ ሦስት አራት ማዕዘኖች ናቸው። ከየጎናቸው መካከል የሚነሱ አራት አጫጭር መስመሮች ሦስቱን ማዕዘኖች ያገናኛሉ። በማዕዘኖቹ ጥግ ላይ የሚሠመር ሰያፍ መስመር የለም፤ በመሐል ባለው ባዶ ቦታም ጠጠር አይቀመጥም። በአርብቶ አደሩ አካባቢ ሰሌዳው በአፈር ላይ በጣት ወይም በእንጨት ይሠመራል። በከተማ ግን በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ሊሠመር ይችላል። እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይይዛል። አንዱ ጠጠር፣ ሌላው ቆርኪ ወይም ባቄላ ቢይዝ ለመለየት ይመቻል፤ ለጨዋታው የሚያስፈልገው ወጪም ከዚህ አያልፍም።

መስመሮቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች 24 ናቸው። ሦስት ጠጠር ሊደረደርባቸው የሚችሉ መስመሮች ደግሞ 16 ናቸው፤ 12ቱ የሦስቱ ማዕዘኖች ጎኖች ሲሆኑ፣ 4ቱ ማዕዘኖቹን የሚያገናኙት ናቸው። ማንኛውም ነጥብ፣ ጥግም ሆነ መካከል፣ በትክክል ሁለት መስመሮች ላይ ይገኛል። ይህን ልብ ያለ ተጫዋች ከዚህ በታች የሚቀርቡትን ሕጎች ምክንያት በቀላሉ ይረዳል።

አንድ ተጫዋች የራሱን ሦስት ጠጠር በአንዱ መስመር ላይ ሲያገጣጥም ጃሬ አደረገ ይባላል። ቃሉ የሶማሊኛ ነው። በጥግ በኩል የታጠፈ ሦስት ጠጠር ጃሬ አይደለም፤ ሦስቱ በቀጥታ አንድ ጎን ወይም አንድ አገናኝ መስመር መሙላት አለባቸው።

በመደርደር ጊዜ የተደረገ ጃሬ

ጨዋታው የሚጀመረው በባዶ ሰሌዳ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች በየተራ አንድ አንድ ጠጠር ባዶ ነጥብ ላይ ያስቀምጣሉ፤ 24ቱም ነጥቦች እስኪሞሉ ድረስ ይህ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ የተቀመጠ ጠጠር አይንቀሳቀስም፣ ማንም ምንም አይበላም። ጃሬ ቢደረግም አይበላም። አለመግባባቱ በአብዛኛው የሚነሣው በዚህ ነጥብ ላይ ስለሆነ ደግሞ መግለጽ ያስፈልጋል፤ በመደርደር ጊዜ የተደረገ ጃሬ የተቃራኒን ጠጠር አያስነሣም።

ይህ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሰሌዳው ሲሞላ ማንም ወዴትም መንቀሳቀስ ስለማይችል፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ከተቃራኒው አንድ ጠጠር ያነሣል። ቀድሞ የማንሣት መብት የሚሰጠው በመደርደር ጊዜ የመጀመሪያውን ጃሬ ላደረገው ነው። ቀድሞ ያነሣው ተጫዋች ቀድሞ የመንቀሳቀስ መብትም ያገኛል። ማንም ጃሬ ሳያደርግ ሰሌዳው ከሞላ፣ ቀድሞ የሚያነሣው ጠጠር በማስቀመጥ ሁለተኛ የነበረው ነው። መደርደር የጀመረው ሰው በምርጫ ቀዳሚነት ተጠቅሟልና ይህ ለሁለተኛው እንደ ማካካሻ የሚቆጠር ፍትሐዊ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ የሚቆጠረው ቅደም ተከተሉ ሲሆን ብዛቱ አይታይም። ለምሳሌ ያህል፣ ጠጠር የያዘው ተጫዋች በሦስተኛ ተራው የውጭውን ማዕዘን የግራ ጎን ሞልቶ ጃሬ አደረገ እንበል። ቆርኪ የያዘው ደግሞ ቆይቶ በዘጠነኛ ተራው አንድ ቆርኪ አስቀምጦ ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ሞላ። ቆርኪ የያዘው «የእኔ ሁለት ነው» ብሎ ቢከራከር ተቀባይነት የለውም። ቀድሞ የሚያነሣው ጠጠር የያዘው ነው። በካርታ ጨዋታ፣ በተለይ በራሚኖ ዓይነቶቹ፣ ተከታታይ ካርታዎች መቼም ቢያዙ ያው ተከታታይ ናቸው። ካርታ የለመደ ሰው በሻህ የሚደናገረውም ለዚህ ነው፤ በሻህ የሦስት ጠጠር ዋጋ የሚወሰነው በተደረደረበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ዳኛ ባለበት ጨዋታ የመጀመሪያው ጃሬ እንደተደረገ ወዲያውኑ የተጫዋቹ ስም በወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ሰሌዳው ከሞላ በኋላ ጠጠሮቹን ብቻ በማየት ማን ቀድሞ እንደገጠመ ማወቅ አይቻልም። ዳኛ በሌለበት ደግሞ ጃሬ ያደረገው ቃሉን ጮክ ብሎ መናገሩ ይበቃል።

የመጀመሪያው ማንሣት

ከሁለቱ የመጀመሪያ ማንሣቶች በኋላ እያንዳንዱ ተጫዋች 11 ጠጠር ይቀረዋል፤ በሰሌዳው ላይ ያሉት ባዶ ነጥቦችም ሁለት ብቻ ናቸው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ሳያስቡበት ያልፉታል እንጂ የጨዋታው አካሄድ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ነው። ቀድሞ የሚያነሣው ተጫዋች የሚያነሣው ጠጠር ከራሱ ጠጠር አጠገብ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ያለበለዚያ የከፈተው ቀዳዳ ለተቃራኒው ብቻ ይጠቅማል።

አጠገብ ማለት በመስመር የተያያዘ ማለት ነው። የጥግ ነጥብ ሁለት ጎረቤት ብቻ አለው። የውጭውና የውስጡ ማዕዘን የጎን መካከል ነጥቦች ሦስት ሦስት፣ የመካከለኛው ማዕዘን የጎን መካከል ነጥቦች ደግሞ አራት አራት ጎረቤት አላቸው። በመደርደር ጊዜ እነዚህን አራት ነጥቦች ቀድሞ መያዝ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ቀድሞ ያነሣው ቀዳዳውን ሞልቶ ጃሬ ለማድረግ ቢያስብም፣ ተቃራኒው በተራው የሚያነሣው ያንኑ ሊገባ የተዘጋጀውን ጠጠር ይሆናል። በመሆኑም በአንድ ጠጠር ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ ብዙ ጊዜ አይሳካም። የሚነሣው ማንኛውም የተቃራኒ ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ በጃሬ መስመር ውስጥ ያለ ጠጠርም ቢሆን ከመነሣት አይጠበቅም።

በማንቀሳቀስ ጊዜ የተደረገ ጃሬ

ከዚህ በኋላ ተጫዋቾቹ በየተራ አንድ ጠጠር ወደ አጎራባች ባዶ ነጥብ ያንቀሳቅሳሉ። መዝለል የለም፤ ጠጠሩ ቢያንስም መብረር የለም። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ ጃሬ አንድ የተቃራኒ ጠጠር ያስበላል። በመደርደር ጊዜ ተሠርቶ የቆየ ጃሬ ባለበት ቢቀመጥ ምንም አያስገኝም። ባለቤቱ አንዱን ጠጠር አውጥቶ በሌላ ተራ ሲመልሰው ግን እንደ አዲስ ይቆጠራል።

«በአንድ እንቅስቃሴ ሁለት ጃሬ ከገጠመ ሁለት ይበላል ወይ?» የሚለው ጥያቄም ይነሣል። በማንቀሳቀስ ጊዜ ይህ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ከላይ የተጠቀሰው ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ በሁለት መስመሮች ላይ ይገኛል፣ ጠጠሩ ደግሞ ወደዚያ ነጥብ የሚመጣው ከሁለቱ መስመሮች በአንዱ ላይ ተጉዞ ነው። የመጣበት መስመር የለቀቀው ነጥብ ባዶ ሆኖ ስለሚቀር ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ ሊገጥም የሚችለው አንዱ መስመር ብቻ ነው። ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ሊሞላ የሚችለው በመደርደር ጊዜ ሲሆን፣ ያኔ ደግሞ መብላት የለም። ዳኞች በዚህ ጉዳይ የሚቀርብላቸውን ክርክር ሰሌዳውን በማሳየት ብቻ መዝጋት ይችላሉ።

የሻህ ተጫዋቾች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ኢርማን የተባለውን አቀማመጥ ነው። በሶማሊኛ ኢርማን የሚባለው የምትታለብ እንስሳ ናት፤ አርብቶ አደሩ ለጨዋታው ያወጣው ስም ከኑሮው የተወሰደ መሆኑ ሳይገለጽ ሊታለፍ አይገባም። ኢርማን የሚሠራው በ5 ጠጠር ነው። ሁለት ጠጠር በአንድ መስመር፣ ሁለት ጠጠር በሌላ መስመር ይቀመጡና አምስተኛው በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ለምሳሌ የውጭው ማዕዘን የላይኛው ጎን ሁለት ጥጎችና የመካከለኛው ማዕዘን የላይኛው ጎን ሁለት ጥጎች ቢያዙ፣ አምስተኛው ጠጠር ከላይኛው ጎን መካከል ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ላይኛው ሲሄድ በእያንዳንዱ ተራ አንድ ጃሬ ይሞላል። በእያንዳንዱ ተራም አንድ ጠጠር ይበላል፤ ላሟ በየተራዋ ትታለባለች።

ይህን ማስቆሚያው መንገድ ጠባብ ነው። በተጠቀሰው ምሳሌ፣ ጠጠሩ ወደ ላይ ሲወጣ ባዶ የሚቀረው የመካከለኛው ማዕዘን ነጥብ በአንድ በኩል ብቻ ለተቃራኒው ክፍት ነው፤ እርሱም ከውስጠኛው ማዕዘን የላይኛው ጎን መካከል ነው። በዚያ ቦታ ጠጠር ያለው ተቃራኒ ገብቶ መንገዱን ይዘጋል። ሆኖም ባለ ኢርማኑ መጀመሪያ የሚበላው ያንን ዘበኛ እንደሚሆን መጠበቅ ይገባል። ሌላው አማራጭ ተቃራኒው በራሱ ጃሬ ከአምስቱ አንዱን መብላት ነው። በጃሬ መስመር ውስጥ ያለ ጠጠርም የሚበላ መሆኑ ለተጠቂው ተስፋ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ኢርማኑ ከመሠራቱ በፊት አንዱን ነጥብ መያዝ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመደርደር ወቅት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

መንገድ ለመክፈት የተደረገ ጃሬ

ሁለት ባዶ ነጥብ ብቻ ባለበት ሰሌዳ ላይ አንዱ ተጫዋች መንቀሳቀሻ ማጣቱ የተለመደ ነው። በሌሎች ተመሳሳይ ጨዋታዎች መውጫ ያጣ ሰው ተሸነፈ ይባላል። በሻህ ግን አይሸነፍም። ተቃራኒው ራሱ ተጨማሪ አንድ እንቅስቃሴ አድርጎ መንገድ ሊከፍትለት ይገደዳል። ይህ መንገድ የመክፈት እንቅስቃሴ በአጋጣሚም ይሁን በዕቅድ ጃሬ ቢሞላ አይቆጠርም፤ ምንም አይበላም።

የሕጉ ዓላማ ግልጽ ነው። መንገድ ሲከፈት የተሞላ ጃሬ ቢቆጠር ኖሮ፣ ብርቱ ተጫዋች ተቃራኒውን ዘግቶ በራሱ ተራም በተቃራኒው ተራም እየበላ ጨዋታውን ይጨርስ ነበር። ብዙ ልጆች ይህን ሕግ ሳያውቁ ስለሚጫወቱ፣ ታላቅየው ታናሽየውን ዘግቶ በተከታታይ ሲበላ ማየት የሚያስገርም አይደለም። ወላጆችና የወጣት ማዕከል አስተባባሪዎች ሌላውን ሁሉ ከመንገራቸው በፊት ይህን አንድ ሕግ ቢያስተምሩ ታናናሾቹ ጨዋታውን እንዳይጠሉ ያግዛል።

ጨዋታው የሚያበቃው አንዱ ወገን ሁለት ጠጠር ብቻ ሲቀረው ነው፤ በሁለት ጠጠር ጃሬ መሥራት አይቻልምና። ከ11 ጠጠር ወደ 2 ለማውረድ 9 ጃሬ ያስፈልጋል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ግን እስከዚያ አይጠብቁም፤ ማቆሚያ የሌለው ኢርማን ሲሠራባቸው ሰሌዳውን ይለቃሉ።

ከሌሎች አገሮች ጨዋታ ጋር ያለው ልዩነት

ሻህ በብዙ አገሮች ዘመዶች አሉት። የስፔኑ ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1283 ባስጻፈው የጨዋታዎች መጽሐፍ ውስጥ በተመሳሳይ ሰሌዳ የሚካሄድ ባለ 9 ጠጠር ጨዋታ ይገኛል። በደቡብ አፍሪካ ሞራባራባ የሚባለው ደግሞ እንደ ሻህ በ12 ጠጠር የሚካሄድ ሲሆን፣ በሰሌዳው ጥጎች ላይ ሰያፍ መስመሮች አሉት፤ ስለዚህም ሦስት ጠጠር የሚገጥምባቸው መስመሮች 20 ይደርሳሉ። በሁለቱም ጨዋታዎች በመደርደር ጊዜ ሦስት የገጠመ ተጫዋች ወዲያውኑ ይበላል። በሞራባራባ ሦስት ጠጠር የቀረው ሰው ወደፈለገው ነጥብ መብረር ይፈቀድለታል።

በእጅ ስልክ ላይ የሚገኙት ጨዋታዎች በአብዛኛው የአውሮፓውን ሕግ የተከተሉ ናቸው። ከእነርሱ የተማረ ሰው በሻህ ውድድር ላይ በሦስት ነገር ይሳሳታል፦ በመደርደር ጊዜ ለመብላት ይሞክራል፣ በጃሬ ውስጥ ያለ ጠጠሩ የማይነካ ይመስለዋል፣ ተቃራኒውን ሲዘጋም ያሸነፈ ይመስለዋል። የስልኩን ሕግ እንደ ሌላ ጨዋታ መጫወት የሚከለክለው የለም። ሆኖም ስሙ ሻህ አይደለም።

ለመሳተፍ ለሚፈልጉ ነዋሪዎች

ከላይ የቀረበው አቆጣጠር ሻህ በባህሉ መሠረት የሚካሄድበት ነው። በተዘጋጀ ውድድር ላይ የጨዋታው ሰዓት፣ የጨዋታ ዙሮች ብዛት፣ የዕድሜ ክልልና ለአሸናፊ የሚሰጠው ነጥብ የሚወሰነው በውድድሩ ደንብ ነው። ስለዚህ ተሳታፊው ከመመዝገቡ በፊት የዚያን ውድድር ደንብ ጠይቆ ማንበብ አለበት። የላፍቶና የአካባቢው ነዋሪዎች በሚኖሩበት ወረዳ ወይም በክፍለ ከተማው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ስለ ባህል ስፖርቶች ውድድርና ሥልጠና መጠየቅ ይችላሉ። በክልል የሚኖሩ ተገልጋዮችም ጥያቄያቸውን በየአካባቢያቸው ለሚገኘው የስፖርት መሥሪያ ቤት ያቀርባሉ።

ደንቡን ሲያነቡ ሦስት ነጥቦችን መፈለግ ይገባል። ማንም ጃሬ ካላደረገ ቀድሞ የሚያነሣው ማን ነው? መንገድ የተዘጋበት ተጫዋች ምን ይደረግለታል? አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ እየተደጋገመ ጨዋታው ካልተቋጨ ዳኛው እንዴት ይወስናል? የመጨረሻው በቤት ጨዋታ በስምምነት የሚያልቅ ሲሆን፣ በውድድር ላይ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በሰፈር ደረጃ ውድድር የሚያዘጋጁ ማኅበራትና ትምህርት ቤቶች የእነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልስ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰሌዳው ባለበት ጠረጴዛ ላይ ቢለጥፉ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር ከመቀመጡ በፊት ያነቡታል።